የእናቴ የሱፍ ሻይ

በእናቴ ክንድ ላይ የመጀመሪያውን በለዝ ያየሁት እጇን ስትታጠብ ነው። ምን እንደመታት ስጠይቃት የቁም ሳጥኑ በር አለችኝ። የቁም ሳጥናችን በር ግን ተነቅሎ ግድግዳ ከተደገፈ ቆይቷል። ውሸቷን ያዝኩባት።

እናቴ የልቧ ቫልቭ በቀዶ ጥገና ተቀይሮላታል። ከዚያ ወዲህ ደም የሚያቀጥን ክኒን ሳትውጥ አትውልም። ደሟ ሲወፍር ይረጋና ልቧን ይዘጋባታል፤ ከልክ በላይ ሲቀጥን ደግሞ ከውስጥ ትደማለች። ስለዚህ በየጊዜው እየሄደች ትለካለች። በዚያ ሰሞን ሐኪሟ ደውላ ደሟ በጣም መቅጠኑን ነገረችኝና አዲስ የጀመረችው ነገር እንዳለ ጠየቀችኝ። እናቴን ስጠይቃት ምንም የለም አለች። ጥርሷን ስትፍቅ ድዷ እንደሚደማ እንኳ የነገረችኝ ከዚያ በኋላ ነው።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት መድኃኒት ቤቱን ነው። የምናውቀው ፋርማሲ ከነሕንጻው ፈርሶ ስለነበር ክኒኑን ከፒያሳ ቁልቁል ስንወርድ ካለ አዲስ ቤት ነበር የገዛነው። ካርቶኑም ክኒኑም ከበፊቱ ይለያል። ይዤው ሐኪሟ ዘንድ ሄድኩ። እሷም አገላብጣ አይታ መድኃኒቱም መጠኑም ያው ነው፣ የተለየው አምራቹ ነው አለችኝ። አላመንኳትም። ከሌላ ቦታ ገዛሁ። የሚቀጥለው ውጤት ባሰ።

ያኔ ቤቱን መፈተሽ ጀመርኩ። እናቴ ስትተኛ የቆሻሻ ቅርጫቱን አይ ነበር፤ ምን እንደበላች በተዘዋዋሪ እጠይቃት ነበር። እሷም ገብቷታል፤ ወጥ ቤት ስገባ ትከተለኝ ጀመር።

የክርስትና እናቴ ዱሮ ጎረቤታችን ነበሩ። ሰፈሩ ሲፈርስ ሩቅ ኮንዶሚኒየም ደረሳቸው። የሥላሴ ዕለት ግን ቤተ ክርስቲያን ስመው ሳይመጡ አይቀሩም። አንድ ቀን ከሥራ ቀደም ብዬ ስመለስ ሁለቱ ሲንሾካሾኩ ደረስኩ። ሲያዩኝ ወሬው ተቋረጠ። እናቴ ፊት ያለው ኩባያ ባዶ ነበር፤ ውስጡ ግን ቢጫ ሆኗል። እርድ መሰለኝ። እሳቸው ከሄዱ በኋላ ከዱቄቱ ዕቃ ጀርባ ትንሽ ብልቃጥ አገኘሁ፤ ቀያይ ክር የመሰለ ነገር ሞልቶበታል።

እናቴ ከዚህ በኋላ መደበቁን ተወችው። ከኢየሩሳሌም የመጣ ሳፍሮን ነው፣ ለጉልበቴ ብላ የክርስትና እናትሽ ናት ከሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አካባቢ የገዛችልኝ አለችኝ። ሳፍሮን በግራም የሚሸጥ ውድ ቅመም ነው፤ ያንን ሁሉ ማንም ለሻይ እንደማይሰጥ ስለማውቅ ቀለም የተነከረ ክር ነው ብዬ ደመደምኩ። ቆንጥሬ በማግስቱ ስድስት ኪሎ ወደምሠራበት ቤተ ሙከራ ወሰድኩት።

የምንመራመረው በሱፍ ላይ ነው። ትልቅ ቢጫ ፊት ያለውን የፈረንጅ ሱፍ ማለቴ አይደለም፤ ለጾም ፍትፍት የምናደርገውን፣ ግንዱ እሾሃም የሆነውን የአገራችንን ሱፍ ነው። አንዱ ባልደረባዬ የትኛው ዝርያ ድርቅ እንደሚችል ያያል፤ ሌላዋ ዘይቱን ለቀለምና ለሳሙና ትሞክራለች፤ እኔ ከአበባው የምግብና የልብስ ማቅለሚያ አወጣለሁ። ጥግ ያለችው ደግሞ የአበባውን ጭማቂ የደም ናሙና ላይ ጠብ እያደረገች ደሙ ምን ያህል ሳይረጋ እንደሚቆይ ትለካለች።

የእናቴን ክር በማጉያ ሳየው ክር አልነበረም። ጫፏ አምስት ቦታ የተሰነጠቀች ትንሽዬ የአበባ ቱቦ ናት። ውሃ ስጨምርበት ቢጫው ለቀቀ። ደጋግሜ አጥቤ ሶዳ ሳደርግበት ቀዩ ወጣ፤ ሎሚ ጠብ አድርጌ ጥጥ ብነክርበት ጥጡ ሮዝ ሆነ። ዓመቱን ሙሉ ጣቶቼን ያቀለመኝ ነገር ነው። ሳፍሮንነቱ ውሸት ነው፤ ሱፍነቱ ግን ንጹሕ፣ ምንም ያልተቀላቀለበት። ውሸቱን ስፈልግ ስከርም ጉዱ እውነተኛው አበባ ውስጥ ሊሆን እንደሚችል ሲገባኝ ቀና ብዬ ወደ ጥጉ አየሁ። ጥግ ያለችው ልጅ ጓንቷን አጥልቃ፣ የአበባው ጭማቂ ጠብ ካለበት ወዲህ አልረጋ ያለውን ናሙናዋን እያየች ነበር።

ለሐኪሟ ደወልኩ። ዛሬውኑ ታቁም አለችኝ።

የክርስትና እናቴን አስጠርቼ ሁለቱ ባሉበት ነገርኳቸው። የሚያፍሩ መስሎኝ ነበር።

"እኔም የምጠረጥረው አለኝ" አሉ የክርስትና እናቴ። "ይቺ የምትውጠው ክኒን የአይጥ መርዝ ናት ይባላል። እውነት ነው?"

"እውነት ነው፣ እማማ። ለአይጥም ይሰጥ ነበር። መጠኑ ነው የሚለየው።"

እናቴ ወደ እኔ ዞረች። "ይሄንን አልነገራችሁኝም" አለች በቀስታ።

ለማስረዳት ሞከርኩ። እሷ ግን የሰማችው መርዝ የሚለውን ቃል ብቻ ነበር። ደግሞስ ሱፍ ከሆነማ ዕድሜዬን ሙሉ በጾም የበላሁት እንዴት ዛሬ ጠላት ሆነ አለችኝ። ፍሬውና አበባው አንድ እንዳልሆኑ፣ አበባው ከክኒኑ ጋር ሲደረብ ሁለቱም ደሟን እንደሚያቀጥኑ ነገርኳት።

"በሰው ላይ አይታችሁታል?" አሉ የክርስትና እናቴ።

"እኛ ያየነው በብልቃጥ ውስጥ ባለ ደም ነው። አበባው ነው ብዬ አልምልልዎትም።"

"እንግዲያ አታውቂም።"

"አላውቅም። ስታቆመው ግን ደሟ ራሱ ይናገራል።"

እናቴ በዚህ ተስማማች። ካልተስተካከለ ግን አበባውን እመለስበታለሁ፣ ክኒኑንም አስብበታለሁ አለች። የለመደችውን ክኒን ከዚያ ቀን ጀምሮ በእጇ ይዛ ሳታገላብጥ አትውጥም፤ እኔም እስክትውጥ ቆሜ እጠብቃለሁ። ስትውጥ ዓይኗ እኔ ላይ ነው።

አበባውን ካቆመች በኋላ ሲለካ ደሟ ወደ ልኩ ተመልሶ ነበር። በለዙ ጠፋ፤ ድዷም መድማቱን ተወ። ሐኪሟ ወረቀቱን ራሷ ለእናቴ አነበበችላት። እናቴ ሁለት ጊዜ አስደገመቻት።

ድልድዩ አካባቢ ያለው ሻጭ ዘንድም ሄጄ ነበር። ለእሱም ሳፍሮን ተብሎ እንደተሸጠለት በእርጋታ ነገረኝ። ደም እንደሚያቀጥን ስነግረው ፊቱ ፈካ፤ ታዲያ ደሙ የወፈረበት ሰው ቢጠቀምበት ምን ክፋት አለው አለኝ። ሌላ ጊዜ ሳልፍ ብልቃጦቹ እዚያው ነበሩ፤ ኢየሩሳሌም የሚለው ጽሑፍ ብቻ ተነስቷል።

የክርስትና እናቴ አልቀሩም። አሁን የሚያመጡት ብርቱካን ነው። እኔ ካለሁ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው ዓይኔ እያየ ይልጡታል፤ ከዚያ ለእናቴ ከመስጠታቸው በፊት አንዷን ፍንካች ራሳቸው ይቀምሳሉ።