የጋሽ አንጁሎ ቀይ ቁጥር

ይህ የሆነው በ1990ዎቹ መጀመሪያ፣ አርባ ምንጭ ሥራ በተቀጠርኩ በአምስተኛው ወር ነው። ብዙ ዓመት አልፎታል፤ ግን እንዲያ የፈራሁበትን ቀን አላስታውስም፣ እንዲያ የተደሰትኩበትንም እንደዚያው። ሁለቱም በአንድ ቀን ነበር የሆኑት።

የሙከራ ጊዜዬ ሊያልቅ አንድ ወር ቀርቶታል። በሰላም ካለፈ ቋሚ ሠራተኛ እሆናለሁ። ካላለፈ ሻንጣዬን አንጠልጥዬ ደብረ ብርሃን፣ እናቴ ቤት። እናቴ ደግሞ ለጎረቤቱ ሁሉ "ልጄ የመንግሥት ሠራተኛ ሆነች" ብላ ጨርሳለች።

መሥሪያ ቤታችን አንዲት አሮጌ ኮምፒውተር ነበረችው። ክፍሏ የምንገባው ጫማችንን አውልቀን ነው። እኔ አዲስ አበባ የሦስት ወር ኮርስ ስለወሰድኩ ሰው ሁሉ አዋቂ አድርጎኛል። አንድ ቀን ኃላፊያችን የላንቴና የጫኖ የመስኖ ቦዮች ካርታ በቀለም ይሠራ አሉ። እኔ አላርፍ ብዬ፣ "ስክሪኑ ላይ ምስል የምታወጣው ካርድ አሮጌ ስለሆነች ቀለሟ ጥቂት ነው። አዲስ ከተገዛ እኔ ራሴ እቀይረዋለሁ" አልኩ። አፍ ሲከዳ ከሎሌ ይብሳል ማለት ይሄ ነው። ካርድ ሲቀየር አየሁ እንጂ ቀይሬ አላውቅም።

ካርዱ ከአዲስ አበባ ተገዝቶ መጣና ንብረት ክፍል ገባ። የንብረት ክፍሉ ሠራተኛ ጋሽ አንጁሎ ናቸው፤ የላንቴ ሰው፣ ጡረታ ሊወጡ ጥቂት የቀራቸው። በእጃቸው ያለፈ ዕቃ ሁሉ በቀይ ቀለም ቁጥር ይጻፍበታል፤ ወንበሩም፣ ጠረጴዛውም፣ መጥረጊያውም። እኔን ራሴን ቁጥር ሳይጽፉብኝ መቅረታቸው ይገርመኛል።

"አሮጌውን ሳታስረክቢ አዲሱ አይወጣም" አሉኝ። ሄጄ አሮጌውን ፈትቼ አመጣሁ። "አሁን ስጡኝ ጋሽ አንጁሎ" ስላቸው ደግሞ፣ "ቁጥር ሳይጻፍበት ከዚህ ቤት መርፌ አይወጣም። ነገ ጠዋት ነዪ" አሉ። አሮጌውም እስከዛሬ ኮምፒውተሩ ሆድ ውስጥ ተደብቆ ከቁጥር ያመለጠ ነውና፣ እሱም ሊጻፍበት ነው።

በማግስቱ ጠዋት ፈርሜ ወሰድኩ። ካርዱ ያብለጨልጫል፣ ዳር ላይ ቀይ ቁጥሩ ተጽፎበታል። ቦታው ላይ ሰካሁት፣ ብሎኑን አሰርኩ፣ ኃላፊያችንና ሦስት ሠራተኞች በካልሲ ቆመው እያዩ ኮምፒውተሩን አበራሁት።

ስክሪኑ ጥቁር ነው። ኮምፒውተሩ አንዴ ረዘም አድርጎ፣ ሁለቴ አጠር አድርጎ ጮኸ። ኮርስ ላይ ተምሬዋለሁ፤ "ካርዱን አላገኘሁትም" ማለቱ ነው። ነቅዬ ሰካሁ። ያው ጩኸት። እንደገና። ያው! አንዱ ከኋላዬ "ሙቀቱ ይሆን?" አለ። ላቤ ጀርባዬ ላይ ይወርዳል፤ እውነትም ሙቀቱ ነበር መሰለኝ።

ንብረት ክፍል ሮጬ አሮጌውን ለመንኩ። ጋሽ አንጁሎ ፊቴን አይተው ቅጽ እንኳን ሳያስሞሉኝ በቁራጭ ወረቀት አስፈርመው ሰጡኝ። እስከ ትናንት ድረስ ሲሠራ የነበረውን ካርድ መልሼ ሰካሁት። ያው ጩኸት!

በቃ። ሁለት ካርድ በአንድ ሌሊት አይበላሽም። የተበላሸው ኮምፒውተሩ ነው፣ ያበላሸሁትም እኔ ነኝ። ኃላፊያችን አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። "እስከ ነገ በጽሑፍ አስረጂ" ብለው ወጡ። ሌሎቹም አንድ በአንድ ጫማቸውን አድርገው ሄዱ። ወረቀት አውጥቼ "ጉዳዩ፦" ብዬ ጻፍኩና ከዚያ በላይ አልሄድ አለኝ። አለቀስኩ፣ ምን እደብቃለሁ።

ከምሳ በኋላ ጋሽ አንጁሎ ጫማቸውን አውልቀው ገቡ።

"አንቺ ልጅ፣ እህል ቀምሰሻል?"

"አልበላ አለኝ ጋሽ አንጁሎ።"

አጠገቤ ተቀመጡና ካርዱን አገላብጠው አዩት። "እንዲያው ይሄ ነገር ከኮምፒውተሩ ጋር የሚነካካው በየት በኩል ነው?" አሉኝ። ግርጌው ላይ የተደረደሩትን ወርቃማ ጥርሶች አሳየኋቸው። "በነዚህ ነው። ኤሌክትሪኩ በነሱ ነው የሚያልፈው።"

ካርዱን ቀስ ብለው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት።

"ልጄ፣ እኔ ነኛ! ቨርኒሽ ቀብቼዋለሁ።"

"ምን?"

"ሁለቱንም። ቁጥሩ እንዳይለቅ ሁሌም ቨርኒሽ እቀባለሁ። ወርቋን ሳይ ደግሞ እሷም እንዳትዝግ ብዬ ደረብኩባት። የጫሞ ሐይቅ አየር ብረት አይምርም፤ ስንቱን ማጠፊያ በላብኝ!"

ለካ ጠዋት ያብለጨለጨው እሱ ኖሯል! ሽታውንም አሽትቼው ነበር፤ ግን ንብረት ክፍል መቼም ቨርኒሽ ሳይሸት ውሎ አያውቅም። ልሳቅ ወይ ላልቅስ ሳላውቅ፣ "እናጽዳውና እንሞክረው፤ ማንም ሳያውቅ ያልቃል" አልኳቸው።

"አይሆንም" አሉ። "ቢድንም ባይድንም አንቺ አይደለሽም ያበላሸሽው።"

ተነሥተው በካልሲያቸው ኮሪደሩን አቋርጠው ኃላፊው ቢሮ ገቡ። በሩ ክፍት ነበር፣ ድምፃቸው ይሰማኛል። "ልጅቷ ምንም አላጠፋችም። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ እኔ እጽፋለሁ።" በሥራ ዘመናቸው አንዲት ጥፋት ያልተጻፈባቸው ሰው ናቸው። ጡረታቸው ደርሷል። ካርዱ ይሠራ አይሠራ ደግሞ ገና አላወቁም።

ሲመለሱ ብሩሽ የሚያጥቡበትን አኳራጅና ንጹሕ ጨርቅ ይዘዋል፤ ኃላፊያችን ከኋላ ተከትለዋል። የካርዶቹን ጥርሶች አንድ ባንድ ጠራረግናቸው። እኔ ደግሞ በላጲስ ፈተግኳቸው። እስኪደርቅ ጠብቀን አዲሱን ሰካሁ። ማብሪያውን የተጫኑት ግን ጋሽ አንጁሎ ናቸው።

አንዲት አጭር ድምፅ። ከዚያ ስክሪኑ ቦግ አለ! ኃላፊያችን እንኳን አጨበጨቡ።

ካርታውን በሳምንቱ ጨረስኩት። ጋሽ አንጁሎ መጥተው ላንቴን ፈለጉ፣ ሰማያዊዋን መስመር በጣታቸው ተከትለው "ይቺ የኛ ቦይ ናት፣ ሙዜ እዚህ ጋ ነው" አሉ። ኃላፊያችን ለሁለታችንም ይቅርታ አደረጉልን፣ የጋሽ አንጁሎንም ጽሑፍ ቀደው ጣሉት። በወሩ ቋሚ ሆንኩ።

ከዓመታት በኋላ ያች ኮምፒውተር ስትወገድ ካርዷን ለማስታወሻ ጠይቄ፣ እንደ ጋሽ አንጁሎ ደንብ ፈርሜ ወሰድኳት። አሁን የመጽሐፍ መደርደሪያዬ ላይ ናት። አንዳንዴ አቧራዋን ስጠርግ ቀይ ቁጥሯን አያለሁ፣ በካልሲ ኮሪደሩን ያቋረጡት ሰውዬም ፊቴ ይመጣሉ። እሳቸውን ባስታወስኩ ቁጥር ደስ ይለኛል። ወርቋም ይኸው እስከ ዛሬ አልዛገችም።