ጀልባው ላይ ያስቀረኋት ባለቤቴ

ባለቤቴን ዋሽቻት ነበር፤ እስክትሞት ድረስም እውነቱን አልነገርኋትም።

በደርግ ጊዜ ነው። የመሥሪያ ቤታችን ሰዎች በጣና አንዲት ደሴት ላይ ያለ ገዳም በጀልባ ልንጎበኝ ከባሕር ዳር ስንነሣ፣ ከእሷ በቀር ሴት አልነበረም። ካድሬያችንም አብሮን አለ። የቤተ ክርስቲያኑን ደጅ ስትስም ቢያያት ከሥራ ያስባርረኛል ብዬ ፈራሁ።

ደሴቷ ስንደርስ «ይህኛው ገዳም ሴት አይገባበትም» አልኋት። በጣና እንዲያ ያሉ ገዳማት ስላሉ አመነችኝ። ይህኛው ግን ሴትም ይገባበት ነበር።

«ግድ የለም፣ እኔ ከዚሁ እሳለማለሁ» ብላ ነጠላዋን አጣፍታ ጀልባው ላይ ቀረች።

እኔ ከካድሬው ጋር ሥዕል ስጎበኝ ዋልሁ። (ሰውየው የቅዱሳኑን ስም ከእኔ አብልጦ ያውቅ ነበር፤ ድሮ ዲያቆን የነበረ ሳይሆን አይቀርም።)

ዛሬ ልጃችንን ይዤ ወደዚያው ደሴት ሄድሁ። ጀልባው ሲቆም ከመቀመጫዋ አልተነሣችም።

«ውረጂ እንጂ ልጄ!»

«አባዬ ደግሞ፣ ረሳኸው? ሴት አይገባበትም እኮ። እማዬ ናት የነገረችኝ።»

ይቅርታ የምጠይቃት ባለቤቴ የለችም፤ ውሸቴ ግን ዛሬም ልጄን ጀልባ ላይ አስቀምጧታል።

ይቅርታ ሳትጠይቁት ሰው ያለፈባችሁ ካላችሁ፣ ምን እንዳደረጋችሁ እስቲ ጻፉልኝ። እኔ ከልጄ አጠገብ ቁጭ ብዬ ሁሉንም ነገርኋት።

«እማዬ ያን ቀን ፀሐይ ላይ ምን ያህል ተቀመጠች?» አለችኝ።

ከጀልባው ወረድን። ደጁ ላይ ጫማችንን አወለቅን፤ እጇን ይዤ አስገባኋት።