ሦስት ጤነኛ ጥርሶች

ከባለቤቴ የታችኛው መንጋጋ የተነቀሉትን ሦስት ጥርሶች በክብሪት ቀፎ ውስጥ አስቀምጫቸዋለሁ። አንዳቸውም አልተቦረቦሩም፤ አንዳቸውም አልጠቆሩም። ዲላ ውስጥ ረጅም ዘመን ባዮሎጂ ያስተማርሁ ሰው ነኝና፣ ጤነኛውን ጥርስ ከተበላው ለመለየት ከመነጽሬ በቀር ሌላ ዳኛ አያሻኝም።

የመጀመሪያው ጥርስ ሲነቃነቅ አንድ ክሊኒክ ወሰድኋት። ባለሙያው የቀድሞ ተማሪዬ ሆኖ ስላገኘሁት ኩራት ተሰማኝ።

«የተነቃነቀ ጥርስ መድኃኒቱ መነቀል ነው፣ ቲቸር» አለኝና ነቀለው።

ቁስሉ ሳይጠግግ ጎረቤቱ ተነቃነቀ፤ እሱንም ነቀለ። ለሦስተኛው ስንሄድ ባለቤቴ፣ «ከንፈሬ ደንዝዟል፤ ትኩስ አጥሚት ሲልጠው እንኳ አይሰማኝም» አለችው።

«የማደንዘዣው ነው፣ እትዬ» ብሎ ሳቀና ሦስተኛውንም ነቀለው።

ማደንዘዣውን የወጋት ከሦስት ሳምንት በፊት ነበር! በካርዷ ላይ የሰፈረው ግን «የጥርስ ሕመም» የሚል ብቻ ነው። ስለ ከንፈሯ አንዲት ቃል የለም፤ ራጅ እንድትነሣም አልታዘዘላትም።

አገጯ ሥር እብጠት ወጣ። ከኮንጋ የመጣች እህቷ «ብርድ ነው» አለች፤ የቤተ ክርስቲያን ወዳጆቿ ጸለዩላት። ወራት ካለፉ በኋላ ሀዋሳ ደረስን። በዚያ ያገኘናት ሐኪም ወንበሯን እንኳ ሳትስብ፣ «የታችኛው ከንፈርዎ ሲነካ ይሰማዎታል?» ብላ ጠየቀቻት። የባለቤቴ እንባ ዱብ ዱብ አለ። በመጨረሻ የጠየቃት ሰው ተገኘ።

አዲስ አበባ ላይ ከአጥንቷ ቁራጭ ተወስዶ ሲመረመር፣ በመንጋጋ ላይ እምብዛም የማይታይ የአጥንት ካንሰር ሆነ። ጥርሶቿን ያነቃነቀውም፣ ከንፈሯን ያደነዘዘውም እሱ ነበር። በመድኃኒቱ ጠጉሯ ረገፈ፤ ከዚያ የቀኝ መንጋጋዋ ተቆርጦ ወጣ። ቀደም ብለን ብንደርስ የሚቆረጠው ያንስ እንደነበር ቀዶ ሐኪሙ ሳይሸፋፍን ነገረኝ።

ዛሬ ምግቧ የቡላ አጥሚት ነው። አንድ ቀን ማንኪያውን አስቀምጣ በተጣመመ አፏ እንዲህ አለችኝ፦

«በተማሪ ወረቀት ላይ አንዲት ነጥብ ስትጎድል የምትቆጣ ሰው፣ ጥርሴን በእጅህ ይዘህ ጤነኛ መሆኑን አይተሃል። ለምን አልጠየቅህም?»

መልሱን አውቀው ነበር። የገዛ ተማሪዬን በሰው ፊት ማረም፣ እሱንም ራሴንም ማዋረድ መስሎኝ ነበር። ለዚህች ይሉኝታ ስል የእሷን አጥንት አሳልፌ ሰጠሁ።

በማግስቱ ቀፎውን ይዤ ክሊኒኩ ገባሁ። ከጨለለቅቱ የመጣች አንዲት ሴት አፏን ከፍታ ወንበሩ ላይ ተቀምጣለች። ሦስቱን ጥርሶች ከጉጠቱ አጠገብ ደረደርኋቸው።

«የታመመው የትኛው ነው?»

«ቲቸር፣ ሰው ፊት ባይሆን...»

«ሰው ፊት ነው የምጠይቅህ! ያን ጊዜ ባለመጠየቄ ነው ባለቤቴ መንጋጋዋን ያጣችው።»

አንድ በአንድ አገላበጣቸው።

«የታመመ የለም» አለ።

ሴትየዋ አፏን በእጇ ከደነች። «ኧረ አባባ! የእኔስ? ተነቃነቀ ብዬ እኮ ነው የመጣሁት!»

ወደ እሱ ዞርሁ። ይህን መመለስ የእሱ ፋንታ ነበር። እሱም ጉጠቱን ወደ ዳር ገፋ አድርጎ ወደ ሴትየዋ ጎንበስ አለ።

«የታችኛው ከንፈርሽ» አላት፣ «ሲነካ ይሰማሻል?»