የእናቴ እጅ አልደረቀም

ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም። ለባሌም፣ በየፋሲካው ለምናዘዝላቸው ለአባም። ትል ገደልኩ ብዬ ልናዘዝ? ይስቁብኛል ብዬ ተውኩት። አሁን የሚስቅ ይሳቅ።

እናቴ ሺንሺቾ ከተማ ዳር ላይ ትኖራለች። እጇ የነካው እንሰት ሁሉ ይጸድቅ ስለነበር ጎረቤት ችግኝ ሲተክል እሷን ይጠራ ነበር። ጠዋት ጠዋት በረቱን ጠርጋ፣ ፍጉንም የቤቱን ጥራጊም እንሰቱ ሥር ትደፋለች። እኔ ደግሞ ከምኖርበት ከሆሳዕና ከተማ በሄድኩ ቁጥር ዕቃ በፌስታል ጠቅልዬ እወስድላታለሁ። ፌስታሉም ከጥራጊው ጋር እንሰት ሥር ይገባል። ድሮ ከቤት የሚወጣ ሁሉ የሚበሰብስ ነበርና እሷ ምን ታድርግ? እኔ ግን የሳይንስ አስተማሪ ነኝ። አውቅ ነበር፤ ዝም አልኩ።

ዝምታው ሳያንስ መርዝ ጨመርኩ። ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ የመስቀል ሰሞን ነው፤ የባሌ ዘመዶች እናቴ ቤት ሊመጡ ነው። ጓሮውን ላሳምር ብዬ ፍጉን ስገልጠው በትል ይርመሰመሳል። አፈርኩ። ትል የገበሬ ወዳጅ ነው ብዬ ክፍል ውስጥ የማስተምር ሴት፣ በትል አፈርኩ። እናቴ ገበያ እንደሄደች፣ ለጎመን ተባይ የተገዛውን መድኃኒት እንሰቱ ሥር ደፋሁት። ጠርሙሱ ላይ የራስ ቅል ተስሏል። አላየሁም ልበል? አይቼ ደፋሁት። አንብቤ ደፋሁት።

ትሎቹ እየተጥመለመሉ ወጡ፤ ዶሮዎቹ ለቀሟቸው። በማግስቱ ዶሮዎቹ ሞተው ተገኙ። እናቴ ዶሮ የሚጨርሰው ፈንግል ገብቶ ነው አለች። እኔም ፈንግል ነው አልኩ።

ከዚያ ወዲህ ፍጉን አፈር የሚያደርገው ጠፋ፤ እንደ ጣውላ ደርቆ ይቀመጣል። አፈሩ ሲቆፈር የፌስታል ቅዳጅ ይወጣል፤ ሲነኩት ደቅቆ ተመልሶ ከአፈሩ ይቀላቀላል። እናቴ ደጋግማ ተከለች፤ ችግኙ ደጋግሞ ቀጨጨ። አንድ ቀን ችግኙን አስጨበጠችኝ።

«የኔ እጅ ደርቋል፣ ልጄ። አንቺ ትከዪልኝ፤ ያንቺ እጅ የተባረከ ነው።»

ተከልኩ። መርዙን በደፋሁበት እጅ ተከልኩላት። እሷ ከዚያ በኋላ ችግኝ ነክታ አታውቅም፤ ጎረቤት ሲጠራት አሞኛል ትላለች።

ወንድሜ መሬቱ ሞቷል፣ ባህር ዛፍ እንትከልበት ይላል። እኔ በሕይወት እያለሁ አይተከልም። ቅዳሜ ቅዳሜ እየሄድኩ ቅዳጁን በጣቴ እለቅማለሁ። ማለቂያ የለውም፤ እኔም አላቆምም።

ሁሉም ይረጭ የለም ወይ የሚለኝ ይኖራል። ይርጭ፤ የኔን የደፋሁት እኔ ነኝ። እናንተም ይቅር አትበሉኝ። የበደልኳት እሷን ሆኖ የናንተን ይቅርታ ምን አደርገዋለሁ? ለሚመጣው መስቀል ቤተሰቡ ሲሰበሰብ፣ የባሌ ዘመዶች እየሰሙ፣ እነግራታለሁ። ይቅርታዋን ብትከለክለኝ ትከልክለኝ። እጇን ግን እመልስላታለሁ።