ጨረቃ ነገም አለች

ባለፈው ሚያዝያ እዚህ አሜሪካ፣ ሜፕልዉድ ውስጥ የእድር ጓደኛችን ሞቶ ለቅሶ ተቀምጠን ሳለ፣ የልጅ ልጄ ሶስና ጆሮዬ ሥር መጥታ፣ "ግራንድፓ፣ ላውንቹ ሊጀምር ነው፤ ቲቪውን ሚዩት አድርጌ ልየው?" አለችኝ። ሰዎች ዳግመኛ ወደ ጨረቃ ሊተኮሱ ነበር። ቲቪው በነጠላ ተሸፍኗል። ልቆጣት አፌን ስከፍት ግን የጋሽ ወርቁ ቃል ምላሴ ላይ መጣ፤ ዋጥኩት።

ጋሽ ወርቁ አዲስ አበባ የግቢያችን ባለሬዲዮ ነበሩ። የአሜሪካኖቹን የጠፈር ጉዞ ከልጅነቴ ጀምሮ አብረን ተከታትለናል። አንዱ ለሩብ ሰዓት ወጥቶ ባሕር ላይ ሲያርፍ፣ ሌላው ምድርን ሦስቴ ሲዞር፣ ኋላም በገመድ ታስሮ ውጭ የሚንሳፈፍ ሲመጣ፣ እሳቸው እያዳመጡ ይነግሩኛል፣ እኔ ደብተሬ ላይ እጽፋለሁ። የመጨረሻውን ገጽ "ጨረቃ" ብዬ ባዶ ትቼው ነበር።

በ1961 ሐምሌ፣ ሌሊቱን ጨረቃ ላይ ሊያርፉ ነው በተባለበት ዕለት፣ ጎረቤታችን እትዬ ዘነበች ሞቱ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ያዘንኩት ለእሳቸው አልነበረም። ያን ያህል ዓመት ታመው ኖረው እንዴት ያቺን ቀን ይመርጣሉ? ለቅሶ ባለበት ግቢ ደግሞ ሬዲዮ አይከፈትም። በማግስቱ ማለዳ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣ ወንበር ከማመላለስ መሀል ጋሽ ወርቁን ጥግ ይዤ፣

"ጋሽዬ፣ ዝቅ አድርገን ብንሰማስ? በዚህ ዝናብ ማንም አይሰማንም" አልኳቸው።

"ጨረቃ ነገም አለች። ዘነበችን ግን የምንሸኛት ዛሬ ነው። ወንበሩን አምጣ።"

ሰው ጨረቃን መርገጡን የሰማሁት ከቀብር መልስ፣ ንፍሮ እየቆረጠምኩ፣ ዘግይቶ ከመጣ አንድ ለቀስተኛ ነው። ሰውየው ወሬውን እንደ ገበያ ዋጋ ጣል አድርጎ ጨው ያለበትን ጠየቀ። ጋሽ ወርቁ ቀና ብለው አላዩኝም።

ድንኳኑ ሲነሳ፣ "ና፣ ዜናውን እንስማ" ብለው ጠሩኝ። "ጨረቃ ነገም አለች" ብዬ መለስኩላቸው። ደግመው አልጠሩኝም፤ እኔም አልሄድኩም።

ሜፕልዉድ ላይ ግን የመኪናዬን ቁልፍ አንስቼ ሶስናን ይዣት ወጣሁ። ያልቀለጠ በረዶ ካለበት የመኪና ማቆሚያ ጥግ፣ ሂተሩን ከፍተን፣ በስልኳ አየነው። ስንመለስ ባለቤቴ፣ "ሰው ሞቶ የት ነው የምትዞሩት?" አለችን።

ልክ ናት። ጋሽ ወርቁም ልክ ነበሩ፤ እስከ ዛሬ የሚያበሽቀኝም እሱ ነው። ግን ያ ሬዲዮ በባትሪ የሚሠራ፣ በአንድ እጅ የሚንጠለጠል ነበር። ይዘነው አሥር ደቂቃ ከግቢው መውጣት ለሁለታችንም አልታየንም።