ጌጁ ዜሮ፣ መኪናው ሽቅብ

የቤንዚኑ ጌጅ ዜሮ ላይ ተኝቷል... መኪናዋ ግን የደንገጎን ዳገት እያቃሰተች ትወጣለች።

በደርግ ጊዜ ነው። ከድሬ ወደ ሐረር በፔጆ ታክሲ እየሄድኩ ነበር። በማግስቱ የመንጃ ፈቃድ ፈተና አለብኝ። ያኔ መኪና የምትነዳ ሴት ብርቅ ነበረች፤ ወድቄ የሰፈር መሳቂያ እንዳልሆን ትምህርቱን እንደ ዳዊት ሸምድጄዋለሁ። እህቴ ደግሞ ሐረር ይበርዳል ብላ የባሏን ካኪ ኮት አልብሳኛለች። ይቺን ኮት ያዙልኝ።

ገና ስንነሳ ነው ነገሩ ያላማረኝ። ከፊት እኔ ብቻ፣ ከኋላ አንድ ባልና ሚስት፣ በቃ። ሳይሞላ የሚነሳ ታክሲ ድሬ ላይ አይቼ አላውቅም። ሹፌሩ ዩሱፍ ይባላል፣ ጠና ያለ ሰው ነው፣ በመስታወት መንገዱን ትቶ እኔን ያያል።

እኔ ደግሞ ያየሁትን ሳልጠይቅ አላድርም። ለፈተናውም ልምምድ ይሆነኛል ብዬ ወደ ዳሽቦርዱ እየጠቆምኩ ጀመርኩት።

«ይሄ የሞተሩ ሙቀት ነው አይደል?»

«አዎ።»

«ይሄ ባትሪው ቻርጅ ማድረጉን የሚያሳየው?»

«አዎ።»

«ይሄኛውስ? ቤንዚን ከሆነ ባዶ ነው እኮ!»

መሪውን ጨበጥ አደረገ። «እሱ... እሱ አይሠራም። እርስዎ አያስቡ» አለኝ።

እርስዎ! ሰው አያቱን እንኳን «አንቺ» በሚልበት ከተማ፣ ልጁ ለምሆነው ለእኔ «እርስዎ» ምን አመጣው? ጠርጥር፣ ከገንፎም አለ ስንጥር። ቤንዚን አለቀ ብሎ ዳገቱ መሀል ሊያቆመንና ለሽፍታ ሊያስረክበን ነው ብዬ ደመደምኩ። ቦርሳዬን እቅፍ አደረግኩ።

ትንሽ እንደሄድን ሰውየው ከኋላ ሲጋራ አፉ ላይ ሰካ። ዩሱፍ በአንድ እጁ እየነዳ ዞሮ ከአፉ ነጠቀው!

«አቦ፣ በአላህ! እዚህ አይጨስም!»

«ዋሪያ፣ ምን ሆነሃል? ድሮ አብረን አልነበር እንዴ የምናጨሰው?» አለ ሰውየው።

ዩሱፍ ሲጋራውን በመስኮት ወረወረው። ደግሞ ቤንዚን ቤንዚን ይሸተኛል... ጌጁ ባዶ ነው የሚለው ቤንዚን።

እንዲህ እያለን የኋላ ጎማ ፈነዳ። ዩሱፍ ዳገቱ ላይ አቆመና ባልና ሚስቱን አስወረደ። እኔ በሩን ስከፍት ግን «እርስዎ አይውረዱ! ከመቀመጫዎ አይነሱ!» ብሎ ጮኸ።

ሰው ተቀምጦበት መኪና በክሪክ አይነሳም፤ ይሄ የመጀመሪያው ትምህርት ነው። እምቢ ብዬ ዘለልኩ። እሱ ግን የእጅ ፍሬን ብቻ ይዞ፣ ጎማ ሥር ድንጋይ ሳያደርግ፣ እየተጣደፈ ክሪኩን ያሽከረክራል። የእጅ ፍሬን የሚይዘው የኋላ ጎማዎችን ነው፤ ዳገት ላይ አንዱን ካነሳኸው መኪናው ወደ ኋላ ሊመጣብህ ይችላል። ብነግረው አልሰማኝም። እየተሳደብኩ ሁለት ትልልቅ ድንጋይ ተሸክሜ አመጣሁና ከፊት ጎማዎቹ ኋላ አስገባሁ። አጎንብሼ ስገፋው በመኪናው ሆድ ሥር ከዩሱፍ ጋር ዓይን ለዓይን ተያየን። ፊቱ አመድ መስሏል።

ጎማውን ሲያወጣው መኪናዋ ጓ! ብላ ወደ ኋላ ተንሸራተተች። ክሪኩ ዘመመ። እጁ እዚያው ውስጥ ነበር፣ ጭንቅላቱም አጠገቡ... ድንጋዮቹ ግን ያዟት።

ዩሱፍ መሬት ላይ ቁጭ አለ። ስኮርታውን፣ ትርፍ ጎማውን፣ እንዴት እንዳሰረው አላውቅም፣ ሲጨርስ ግን ገለል አድርጎ ወሰደኝ።

«ከሥር አይተውታል አይደል?» አለኝ።

ያየሁት ድንጋይ ብቻ ነው። ግን እኔን ታውቁኛላችሁ። «አይቻለሁ» አልኩት።

«ልጆች አሉኝ፣ በአላህ። እርስዎ ከመንግሥት መሆንዎን ገና ሲሳፈሩ አውቄያለሁ። ኮትዎ፣ ጥያቄዎ... ሰልባቲዮው ውስጥ ያለው የእጅ ሰዓት ነው። ከጅቡቲ የገባ።»

የነዳጅ ማጠራቀሚያው ሙሉ ኮንትሮባንድ! ለካ ጌጁ አልዋሸም።

«ታዲያ መኪናው በምንድነው የሚሄደው?»

ወንበሬን አነሳው። ጀሪካን። ከጀሪካኑ ቀጭን ጎማ ወደ ሞተሩ ይሄዳል። ከድሬ ጀምሮ ቤንዚን ላይ ነበር የተቀመጥኩት... ያቺ ሲጋራ ትዝ አለችኝ።

እኔ እሱን ለሽፍታ አስረካቢ፣ እሱ እኔን ጆሮ ጠቢ አድርገን ስንጠራጠር ነው ያን ሁሉ ዳገት የወጣነው። ተናደድኩ፣ ለጥቂት የተረፈውን እጁን እያየሁ ደግሞ አሳዘነኝ። የጉምሩክ ኬላው ከላይ ይታያል፣ በእግሬ ብሸሽ ከዚያ ያዩኛል። መቀመጫዬን ግማሹን አንጠልጥዬ ተሳፈርኩ።

የኬላው ፊናንስ በመስኮት አንገቱን አስገባ። ዓይኑ ቀጥ ብሎ ጌጁ ላይ አረፈ።

«ሹፌር፣ ይሄ ዜሮ ነው የሚለው። በምን መጣህ?»

ዩሱፍ ወደ እኔ ዞረ። ካሰሩት እነዚያን ልጆች ማን ያበላል? የታመቀው ንዴቴ ያኔ ገነፈለ።

«ጌጁ ተበላሽቷል! እሱን ተወውና ዳገት ላይ ጎማ ሥር ድንጋይ ሳያደርግ በክሪክ መኪና የሚያነሳ ሹፌር ማን ፈቃድ እንደሰጠው ጠይቅልኝ! ሰው ሊፈጅ ነው እኮ!»

ፊናንሱ እኔን አየ፣ ኮቱን አየ፣ ቀጥ ብሎ ቆመ።

«ይቅርታ ጓድ። እለፉ።»

በማግስቱ ፈታኙ ምን ቢጠይቀኝ ጥሩ ነው? «ጌጁ ዜሮ ላይ ሆኖ መኪናው ቢሄድ ምክንያቱ ምንድነው?»

«ጌጁ ተበላሽቷል ማለት ነው።»

«ትክክል!» አለና አሳለፈኝ።

እኔ ግን ከዚያ ወዲህ ታክሲ ስሳፈር ጌጁን አላይም... ወንበሩን ነው አንስቼ የማየው።