አርብና ሚካኤል የገጠሙ ዕለት

በኮምፒውተር ሳይንስ ተመርቄ ቆቦ ስመለስ፣ በተማርኩት የሚያሠራኝ አላገኘሁም። ሰው ፊት ስናገር ድምፄ ከጉሮሮዬ አይወጣም። አባቴ አባል የሆነበት የመስኖ ማህበር የውሃ ተረኛውን በስልክ መልእክት የሚያሳውቅ ፕሮግራም እንድሠራ ሲጠይቀኝ ደስ ያለኝ፣ ከማንም ጋር መነጋገር የማይፈልግ ሥራ ስለመሰለኝም ጭምር ነው።

ወደ ዋጃ በሚወስደው መንገድ ዳር ካለው ጉድጓድ ውሃው በሞተር ይሳባል። የላይኛው ቦይና የታችኛው ቦይ ሰዎች በየቀኑ እየተፈራረቁ ያጠጣሉ። ላይኛው ቦይ ላይ አብዛኛው ሙስሊም ነው፤ የእኛ ማሳ ባለበት በታችኛው አብዛኛው ክርስቲያን ነው። የላይኞቹ ተራ አርብ ላይ ከዋለ ለጁምዓ ስለሚሄዱ ለታችኞቹ ይለቃሉ። የታችኞቹ ተራ በሚካኤል ቀን ከዋለ ደግሞ መሬት ስለማይነኩ ለላይኞቹ ይለቃሉ። ይህ መለዋወጥ ሞተር ሳይመጣ፣ ጎርፍ ከተራራው እየተጠለፈ ማሳ በሚጠጣበት ዘመን የተጀመረ ነው።

በፓይዘን የፕሮግራም ቋንቋ ስጽፈው ቀላል ነበር። አርብ ከሆነ ለታችኛው ስጥ። ካልሆነ፣ ወሩ በገባ አሥራ ሁለተኛው ቀን፣ ማለትም ሚካኤል፣ ከሆነ ለላይኛው ስጥ። ከሁለቱም ካልሆነ ተራውን ጠብቅ። ኮምፒውተሩ ከላይ ወደ ታች ያነባል፤ እውነት የሆነ መስመር ሲያገኝ እዚያው ይቆማል፣ ከሱ በታች ያለውን ዞር ብሎም አያይም።

የማህበሩ ሰብሳቢ፣ ከእኛው ቦይ የሆኑ ሽማግሌ፣ “እንሞክረው። አንድ ቀን ሰው ካጣላ ግን ይቀራል” አሉ። እኔም ያ ከቀረ ሌላ የሙያዬ የምለው ነገር አልነበረኝም።

በጋው ሳይጋመስ፣ አንድ ሐሙስ ጧት የነገውን መልእክት ስፈትሽ “ተረኛ፦ ታችኛው ቦይ” ይላል። ነገ አርብ ነው። ነገ ሚካኤልም ነው። ሁለቱን መስመሮች ባቀያይራቸው “ላይኛው ቦይ” አለኝ። የትኛውን ባስቀድም አንዱን ወገን ማስቀየሜ ነው።

“ድሮ እንዲህ ሲገጥም ምን ይደረግ ነበር?” አልኩት አባቴን።

“ሞተሩ ይጠፋል፣ ሁሉም ያርፋል።”

“ሽንኩርቱስ?”

“ይጠወልጋላ! ዛሬ ስብሰባ አለ፤ አንቺው ጠይቂያቸው።”

ስብሰባው ሞተር ቤቱ ጥላ ሥር ነበር። ወንዶቹ ድንጋይ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። “ነገ አርብም ሚካኤልም ነው” አልኩ።

“ጮክ በይ ልጄ፣ ሞተሩ ከአንቺ በላይ ይጮኻል” አሉ ሰብሳቢው።

ደገምኩት። ያኔ ሁሉም በአንድ ጊዜ መናገር ጀመረ።

“ይዘጋ እንጂ፣ ምን ጥያቄ አለው!” አለ አንድ የታችኛው ቦይ ሰው።

“ወላሂ የኔ ሽንኩርት ቅዳሜን አያይም” አሉ ከላይኛው ቦይ አንድ ሸህ።

“እናንተ ጁምዓ፣ እኛ ሚካኤል። ለመሆኑ የሽንኩርቱ ሃይማኖት ምንድን ነው?” አለ ያው የታችኛው ቦይ ሰው።

“እሱ ምን ቸገረው! ሁላችንንም እኩል ያስለቅሳል” አሉ ሸሁ።

ሲስቁ እኔ መስመሮቼን አስብ ነበር። ቀኑን ሙሉውን አንድ ነገር አድርጌ ነበር የጻፍኩት። ጁምዓ የሚይዘው ግን የሶላቱን ሰዓት ነው፤ ሚካኤል የሚከለክለው ደግሞ መሬት መንካትን ነው። ሁለቱ አይነካኩም።

“አባባ፣ ከሶላት በፊትና በኋላ ማጠጣት ይችላሉ?” አልኳቸው ሸሁን። ድምፄ ይህን ጊዜ ወጣ።

“እችላለሁ። ስሄድ ውሃውን ለማን ጥዬ? እስክመለስ ቦዩን ይሰብረዋል፤ ሞተሩን ባስጠፋው ደግሞ ውሃው እንደገና ማሳዬ እስኪደርስ ይመሻል።”

ወደ እኛዎቹ ዞርኩ። “በሚካኤል ቦይ ዳር ቆሞ መጠበቅ ሥራ ነው? ዶማ ሳይሆን ስልክ ይዞ፤ ቦዩ ከተሰበረ ለሞተረኛው ደውሎ ማስጠፋት ብቻ።”

ሰብሳቢው፣ “ቆሞ ማየት ሥራ ቢሆንማ የእኛ ሰው ከሁሉ ታታሪ ነበር!” አሉ። የታችኛው ቦይ ሰዎች ራሳቸው በሳቅ ፈረሱ፤ ሸሁም “ተስማምቻለሁ፣ አላህ ያክብርሽ” አሉኝ።

እዚያው ላፕቶፔን ጭኔ ላይ ከፈትኩና ከሁሉ በላይ አዲስ መስመር ጻፍኩ፦ አርብ ከሆነ እና አሥራ ሁለት ከሆነ፣ ውሃው ለላይኛው፣ በሶላት ሰዓት ጥበቃው ለታችኛው። ከታች ባስገባው ኖሮ ኮምፒውተሩ እሱ ጋ ሳይደርስ አርብን አይቶ ይቆም ነበር። ሳስሞክረው ሁለት መልእክት ወጣ፤ አንዱ አጠጡ፣ ሌላው ጠብቁ ይላል።

ሌሊቱን ሌሎች በዓላት የሚገጥሙባቸውን ቀናት ፕሮግራሙ ውስጥ ሳስገባ አድሬ፣ በማግስቱ ቀትር ላይ ወደ ማሳው ወረድኩ። የላይኞቹ በባጃጅ ተጭነው ወደ መስጊድ ሄደዋል። በቦዩ ዳር፣ ከቤተ ክርስቲያን የተመለሱ የእኛ ሰዎች ነጠላቸውን እንዳጣፉ ስልካቸውን ይዘው ቆመዋል፤ አባቴም አለ። ውሃው በሽንኩርቱ መደብ መካከል ጸጥ ብሎ ይሄዳል። አርብና ሚካኤል በገጠሙበት ቀን ሲሄድ ሳየው የመጀመሪያዬ ነበር።

ሰብሳቢው ሲያዩኝ ከሩቅ ተጣሩ። “አንቺ ልጅ! መልእክቱ አይቀርም፣ ይቀጥላል። ግን ጥምቀት አርብ ቢውልስ?”

“ኢድ ሚካኤል ላይ ቢውልስ?” አለ ሌላው ከወዲያ ማዶ።

በቦዩ ዳር የቆመው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። እጆቼን አፌ ዙሪያ አድርጌ፣ ሞተሩን በልጬ ጮህኩ፦

“ገብቷል! ሁለቱም ገብቷል!”